የክብር ክንድ

ፋናው ከመጥፋቱ በፊት የነበረው ሁኔታ ይህ ነው። በታርሜል ምድር ሹዋ የሚባል ወንዝ አለ፤ ስፋቱ ሦስት መቶ አርባ ክንድ ነው። በምሥራቅ ዳርቻው ዘንቦራ፣ በምዕራብ ዳርቻው ኬልማ ፊት ለፊት ቆመው ይተያያሉ። ዘንቦራ ሰባት በሮች አሏት፤ ኬልማ ስድስት። የዘንቦራ ግንብ በመዝገብ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ክንድ ይረዝማል፤ የኬልማው ሁለት መቶ ዘጠኝ። በቤት ብዛት ግን ኬልማ አርባ ሁለት ሺህ አለኝ ስትል ዘንቦራ ከአርባ ሺህ በላይ አትደፍርም። በወንዙ መካከል ካለችው ደሴት ላይ የሹዋ ፋና ቀንም ሌትም ይበራል። ከሰባቱ ባሕሮች ሽቅብ የሚመጡ መርከቦች መንገዳቸውን የሚያውቁት በእርሱ ነው። ዘንቦራዎች የዘንቦራ ፋና ይሉታል፤ ኬልማዎች የኬልማ። መርከበኞቹ ማንን ማስቀየም እንደሚሻላቸው ስላልወሰኑ በካርታቸው ላይ ፋናውን ስለው ከጎኑ ያለውን የስም ቦታ ባዶ ትተውታል። ባዶው ቦታ የአውራ ጣት ጥፍር ያህላል።

ያ የጥፍር ያህል ቦታ ሁለት ታላላቅ ከተሞችን ሦስት መቶ ዓመት እንቅልፍ ነሥቷል። ኬልማ ከባሕር ማዶ የመጣን እንግዳ በአሥራ ሁለት መለከት ከተቀበለች፣ ዘንቦራ የሚቀጥለውን በአሥራ አራት ትቀበላለች። በመጨረሻ አንድ የቅመም ነጋዴ ከኬልማ ወደ ዘንቦራ ሲሻገር አርባ መለከት ተነፋለትና ለሦስት ቀን ጆሮው አልሰማም። አገሩ ሲገባ ስለ ሁለቱም ከተሞች ያወራው ጫጫታቸውን ብቻ ነበር።

ዘውሪት በዘንቦራ ቤተ ልኬት ካሉት ሦስት ማኅተም ያዥ ለኪዎች አንዷ ነበረች። ዕድሜዋ ሃያ ስድስት ነው። ከመናገሯ በፊት አንድን ነገር ሁለት ጊዜ የምታይ፣ ካየችው በላይ የማትናገር ሴት ነበረች። የመለኪያ ዘንጓ ከወገቧ አይለይም። ከተማዋን እንደምትወድ ለማንም ነግራ አታውቅም፤ ነገር ግን የሰባቱንም በሮች ደረጃ በቁጥር ታውቀው ነበር።

በቤተ ልኬት አንድ የቆየ ልማድ አለ። የሚለካው ነገር የዘንቦራ ከሆነ፣ ለኪው ክንዱን ከማሳረፉ በፊት መዳፉን ደረቱ ላይ አድርጎ «አንድ፣ ለዘንቦራ» ይላል። ክንዱ ዕቃውን የሚነካው «ሁለት» ሲል ነው። አሥራ ሁለት ሲሞላ ምልክት ያደርግና እንደገና ደረቱን ነክቶ «አንድ፣ ለዘንቦራ» ብሎ ይቀጥላል። ይህ የክብር ክንድ ይባላል። እንደ ውሸት የሚቆጥረው ሰው አልነበረም። ሰው ስሙን ሲናገር ማዕረጉን እንደሚያስቀድም ያለ፣ ለእናት ከተማ የሚሰጥ ሰላምታ ነበር። ዘውሪት የተማረችው በስድስት ዓመቷ ስለሆነ፣ እጇ ወደ ደረቷ ሲሄድ ዓይኗ እንኳ አያየውም ነበር።

በዘመን መለወጫ በሦስተኛው ቀን፣ በቀትር፣ ነፋስ በሌለበት፣ የሹዋ ፋና ጠፋ።

ጥቁር ጭስ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ወጣ። በሁለቱም ዳርቻ የተሰበሰበው ሕዝብ ጥፋቱ የማዶዎቹ እንደሆነ እርስ በርሱ ተነጋገረ። ሽማግሌዎች የጥንቱን ትንቢት አስታወሱ፤ «ፋናው በጠፋ ጊዜ ዘሩን ከጋሮም ጉድጓድ ያወጣ፣ ስሙን በባሕር ላይ ይጽፋል።» በስምንተኛው ቀን የሰባቱ ባሕሮች ነገሥታት መልእክተኛ በትንሽ ጀልባ መጥቶ ከወንዙ መካከል ቆመ። ወደ የትኛውም ዳርቻ እንዳያዳላ ጀልባዋን በሁለት መልሕቅ አሳሰረ።

«የታርሜል ሰዎች ሆይ» አለ፤ «መርከቦቻችን በጨለማ አይገቡም። ከዛሬ ጀምሮ በአርባ ቀን ውስጥ ፋናውን ያበራች ከተማ ስሟ በካርታችን ይጻፋል። መልእክተኞቻችን በእርሷ ይቀመጣሉ፤ ነገሥታታችንም በስሟ ይጠሯታል። ሌላይቱ ከተማ» ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ «‹ከማዶ ያለው መንደር› ተብላ ትመዘገባለች።»

መንደር የሚለው ቃል ውኃውን አቋርጦ ሁለቱም ዳርቻ ደረሰ።

በዚያው ከሰዓት በኋላ የዘንቦራ ገዥ እመቤት ሳርኖ ሦስት ሰዎች አስጠራች። ዘውሪት ልኬቱን እንድታውቅ ተመረጠች። ሁለተኛዋ እትዬ ማርሲት ነበሩ፤ የከተማይቱ የገመድ ፈታዮች አለቃ፣ ክንዳቸው እንደ ወፍጮ ድንጋይ የጠነከረ። ሦስተኛው አዋጅ ነጋሪው ባልጎር ነበር። ዘንቦራ ወደ ውጭ የምትልከው ማንኛውም ጉዞ አዋጅ ነጋሪ ሊኖረው ግድ ነው፤ በእያንዳንዱ የወሰን ድንጋይ ላይ ቆሞ የከተማይቱን ማዕረጎች ይጠራልና። ባልጎር ይህን ሥራ ለሠላሳ ዓመት ሠርቷል። ሲናገር ጽዋዎች ከጠረጴዛው ላይ ይርገበገቡ ነበር።

መልእክተኛው ለሁለቱም ከተሞች ከነገሥታቱ መጽሐፍ አንድ አንድ ገጽ ሰጥቶ ነበር። የጋሮም ጉድጓድ ጥልቀት አንድ መቶ አርባ ክንድ እንደሆነ ይላል።

«ስንት ገመድ ያስፈልጋል?» አለች ሳርኖ።

«አሥራ ሁለት ጥቅል፣ እመቤቴ» አለች ዘውሪት። «እያንዳንዱ አሥራ ሁለት ክንድ ነው። አንድ መቶ አርባ አራት ይሆናል። አራቱ ክንድ ለቋጠሮና ለማሰሪያ ይበቃል።»

«ለክተሽዋል?»

«ማኅተም አለበት» አለች ዘውሪት። ማኅተሙ የራሷ ነበር።

ሳርኖ ከመንበሯ ወርዳ የዘውሪትን ዘንግ በሁለት እጇ ያዘች። «እንግዲህ በዚህ ማይልኝ። ብርሃኑ የሚመለሰው በዘንቦራ ስም ነው፤ በዘንቦራ ብቻ። ለኪ መሐላዋን ብታፈርስ ሕጉ ምን እንደሚል ታውቂያለሽ።»

«ዘንጓ ይሰበራል» አለች ዘውሪት። «በዘንጌ እምላለሁ። በዘንቦራ ስም ብቻ።»

በነጩ የጨው ሜዳ ላይ አሥራ ሦስት ቀን ተጓዙ። ሜዳው እንደ ተወለወለ ሳህን ጠፍጣፋ ነበር፤ ከኋላቸው የዘንቦራ ግንብ ጫፍ እስከ ሁለተኛው ቀን ቀትር ድረስ ይታይ ነበር። ባልጎር በየወሰኑ ድንጋይ እየቆመ አዋጁን ይጠራል፤ የሚሰማው ጨው ብቻ ቢሆንም አንዲት ማዕረግ አይዘልም።

«ባልጎር፣ ለማን ነው?» ይሉታል እትዬ ማርሲት።

«ለሜዳው። አላወቀን ይሆናል።»

«እኔ ግን አወቅሁህ። ጆሮዬንም አወቅሁት፤ የነበረኝን።»

በአሥራ አራተኛው ቀን ከጋሮም ተራራ ግርጌ፣ ከጠባቡ ሸለቆ አፍ ደረሱ። የመጨረሻው የወሰን ድንጋይ ያለው እዚያ ነው። ባልጎር ጉሮሮውን ሲጠርግ ዘውሪት እጇን አፉ ላይ ጫነች።

«ምነው ልጄ?»

«ጋሼ፣ ግድግዳውን ይዩ» አለች በሹክሹክታ።

የሸለቆው ግድግዳ በሁለቱም ወገን፣ ከመሬት እስከ አራት ክንድ ከፍታ፣ እንደ ዕብነ በረድ ለስልሶ ያብረቀርቃል። ከዚያ በላይ ሻካራ ድንጋይ ነው። አንድ ትልቅ ነገር ጎኑን እያሻሸ ለብዙ ዘመን ተመላልሶበታል። ዘውሪት ሌላም ነገር አስተውላ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ አንድም ወፍ አልጮኸም። ከአንድ ቁጥቋጦ ላይ ሦስት ወፎች ተቀምጠው አይታለች፤ አፋቸውን ገጥመው ነበር።

«ዱምባል ነው» አሉ እትዬ ማርሲት፤ ፊታቸው ተለወጠ። ዱምባል የድሮ ተረት ነው፤ ዓይን የሌለው፣ ጆሮው እንደ በር መዝጊያ የሰፋ፣ ጩኸትን ተከትሎ የሚመጣ የጉድጓድ አውሬ።

«ተረት ነው» አለ ባልጎር፤ ግን እርሱም በሹክሹክታ ነው ያለው። «የወሰን ድንጋይ አልፌ ሳልጠራ ሄጄ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት።»

«ስንመለስ ይጠራሉ።»

«ቃልሽ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

ሸለቆውን በባዶ እግራቸው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው አለፉ። በመንገዱ እኩሌታ ላይ የኬልማ ሰማያዊ ካባዎች ሁለት ተቀዳደው ተጥለው አገኙ። ባለቤቶቹ አልነበሩም።

ጉድጓዱ ከሸለቆው ማዶ፣ ከተራራው አናት ላይ ነው። አፉ ክብ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር ሃያ አምስት ክንድ። ከጥልቁ የንብ ቀፎ የመሰለ ቀጭን ዜማ ይመጣል፤ ሲሰሙት ዓይን ይከብዳል። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሰማያዊ ካባ የለበሰ አንድ ጎልማሳ እግሩን አንጠልጥሎ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ትንሽ የገመድ ጥቅል አለ።

«ቀስ ብላችሁ አውሩ» አለ ሳይነሣ። «በሹክሹክታ ከሆነ አይነቃም። ዜማው አስተኝቶታል። ኦርሳይ እባላለሁ፤ የኬልማ ገደል ወጪ።»

«ብቻህን?» አለች ዘውሪት።

ኦርሳይ ወደ ሸለቆው አየ። «ሦስት ነበርን። ጓደኞቼ የጋሮምን ጫፍ ሲያዩ ደስ አላቸውና ‹ኬልማ› ብለው ጮኹ። ሦስት ጊዜ። እኔ የጫማዬን ማሰሪያ ላስር ጎንበስ ብዬ ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር። ገመዱ እነርሱ ጋር ነበር። የቀረኝ ይህ ነው፤ ሃያ ክንድ።»

ባልጎር ኮፍያውን አወለቀ። ለኬልማ ሰው ኮፍያውን ሲያወልቅ የመጀመሪያው ነበር።

እትዬ ማርሲት አሥራ ሁለቱን ጥቅሎች ቋጥረው ከአንድ አለት ጋር አሰሩ። ዘውሪት ከመውረዷ በፊት እንደ ደንቡ በገመዱ ጫፍ ድንጋይ አስራ አወረደች። ገመዱ አለቀ። ድንጋዩ መሬት አልነካም። በባዶ እየተወዛወዘ ክብደቱ እጇ ላይ ተሰማት።

«መጽሐፉ ተሳስቷል» አለ ባልጎር።

«ወይ ጉድጓዱ አድጓል» አሉ እትዬ ማርሲት። «እኔ የፈተልኩት ገመድ አያጥርም።»

ዘውሪት ገመዱን ስባ አወጣችና የመጀመሪያውን ጥቅል ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ በጉልበቷ ላይ ዘረጋች። ቀኝ እጇ ወደ ደረቷ ሲሄድ ያን ጊዜ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ አየችው። እጇ በአየር ላይ ቆመ። ቀስ ብላ መለሰችውና ክንዷን ገመዱ ላይ አሳረፈች።

«አንድ» አለች።

አሥራ አንድ ላይ ቋጠሮው መጣ። ሁለተኛውም ጥቅል አሥራ አንድ። ሦስተኛውም። ሁሉንም ለካች፤ አንዱንም አልዘለለችም። ሲያበቃ ጆሮዋ እስኪቀላ ፊቷ ጋለ።

«አንድ መቶ ሠላሳ ሁለት ነው» አለች። «በየጥቅሉ አንድ ክንድ ለዘንቦራ ሰጥተናል። ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ክንድ ይጎድለናል።»

ኦርሳይ ነገሩ ሲገባው ካባውን አፉ ውስጥ ጠቅጥቆ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፤ ድምፅ ግን አላወጣም። «ታዲያ ግንባችሁስ?» አለ እንባውን ጠርጎ።

ዘውሪት አስልታ ነበር። «አንድ መቶ ዘጠና ስምንት ክንድ።»

«ልጄ» አለ ባልጎር። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። «በዚህ ሰው ፊት?»

«ጋሼ፣ በእርሱ ፊትም በማንም ፊትም ያው ነው።»

«ያን ቁጥር ይህ አፍ አይጠራውም።»

ኦርሳይ ሳቁ አልቆ እግሩን ተመለከተ። «እኛም እኮ» አለ በመጨረሻ፤ «ያ አርባ ሁለት ሺህ ቤት የዶሮ ቤቶቹንም ይጨምራል።»

«አውቄ ነበር» አሉ እትዬ ማርሲት። «የምሥራች ነው ይሄ። ሞትኩ ብዬ ነበር፤ አሁን ግን ኖርኩ።»

ከዚያ በኋላ የቀረው ስሌት ቀላል ነበር። አርባው ቀን ሊያልቅ ሃያ ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ ዘንቦራ ደርሶ ሌላ ገመድ ይዞ ለመመለስ ሃያ ስምንት ቀን ይፈጃል። የዘንቦራ ገመድ ብቻውን አይደርስም። የኬልማ ገመድ ብቻውን አይደርስም። ኦርሳይ ሃያ ክንዱን በጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዋጋውን ተናገረ፤ «ሁለቱም ስሞች ይጻፉ። ጓደኞቼ በመንደር ስም አልሞቱም።»

ዘውሪት ዘንጓን ከወገቧ ፈታ አየችው። አባቷ የሰጣት የጥቁር ዛፍ ዘንግ ነው፤ በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ከእርሷ አልተለየም። ብትስማማ ይሰበራል። ባትስማማ ዘንቦራም ኬልማም ከካርታው ላይ አይኖሩም፤ መርከቦቹ ወደ ሌላ ወንዝ ይሄዳሉ።

ገመዱን በእጇ ይዛ ተነሣች። «እኔ የቤተ ልኬት ዘውሪት በዚህ በአጠረው ገመድ እምላለሁ። ብርሃኑ ከወጣ በሁለቱ ከተሞች ስም ይወጣል። ይህንንም በገዥዬ ፊት፣ በገዥህም ፊት፣ በመልእክተኛውም ፊት እናገራለሁ።»

ባልጎር ፊቱን አዞረ። ግን ከገመዱ ላይ እጁን አላነሣም።

ሁለቱ ገመዶች ሲቋጠሩ፣ ለቋጠሮና ለማሰሪያ አምስት ክንድ ተቀንሶ፣ አንድ መቶ አርባ ሰባት ክንድ ሆኑ። ዘውሪት ወገቧ ላይ ታስራ ወረደች። ስትወርድ እየለካች ነበር፤ ልማዷን ልትተው አልቻለችም። እግሯ መሬት የነካው አንድ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ክንድ ከስንዝር ላይ ነው።

የፋናው ዘር የእንቁላል መጠን ያለው ነጭ ድንጋይ ነበር። ከአለት ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጦ ያዜማል፤ ብርሃኑ እንደ ወተት በዙሪያው ፈስሷል። ከእርሱ ስድስት ክንድ ርቆ ዱምባል ተኝቷል። ግራጫ ነው፤ ከሁለት በሬ ይበልጣል፤ ዓይን በሚኖርበት ቦታ ላይ ቆዳው ዝም ብሎ ቀጥሏል። ጆሮዎቹ በሆዱ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ተደርበዋል።

ዘሩን አነሣችው። በእጇ ውስጥ እንደ በረዶ ቀዘቀዘ፤ ዜማውም ቆመ።

ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። በዝምታው ውስጥ አንዱ ጆሮ ተነሣ።

ገመዱን ሦስት ጊዜ ጎተተች፤ ላይ ያሉት ሦስቱ በአንድነት ሳቧት። አሥር ክንድ፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ከሥሯ ጥፍር አለት ሲቧጭር ሰማች፤ የእርሷን ትንፋሽ ተከትሎ እየወጣ ነበር። ስልሳ ክንድ ላይ ስትደርስ የአውሬው ትንፋሽ እግሯን አሞቀው። ገና ሰባ ዘጠኝ ተኩል ክንድ ቀርቷል።

ያን ጊዜ ገመዱ ለቅጽበት ረገበ፤ ከሚጎትቱት አንዱ ለቅቆ ነበር። ቀጥሎ ከላይ፣ ከሸለቆው በኩል፣ ተራራውን የሚያነቃንቅ ድምፅ መጣ።

«ዘንቦራ፣ ባለ ሰባት በሯ። ዘንቦራ፣ የሹዋ እመቤት።»

ባልጎር ነበር። አዋጁን እየጠራ ወደ ወሰኑ ድንጋይ እየሮጠ ነው። የሸለቆው ግድግዳ ድምፁን ተቀብሎ አሥር እጥፍ አደረገው። ዱምባል ራሱን ወደ ላይ አነሣ፤ ዘውሪትን በጎኑ ገፍቷት አለፈ፤ በሦስት ዝላይ ከጉድጓዱ ወጥቶ ድምፁን ተከተለ። እትዬ ማርሲትና ኦርሳይ እየሳቧት ነው። ባልጎር አሥራ ዘጠኙንም ማዕረጎች በተራ ጠራ፤ አንዲት አልዘለለም። እርሷም ትቆጥር ነበር። መቶ ክንድ ስትደርስ ማዕረጎቹ አለቁና ከመጀመሪያው ጀመረ። በሁለተኛው ዙር ከግንቡ ማዕረግ ላይ ሲደርስ ድምፁ ትንሽ ቆመ፤ ትልቅ ትንፋሽ ስቦ የሚዘጋጅ ሰው ይመስል ነበር።

«ዘንቦራ» አለ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከጠራው ሁሉ በላይ አስረዝሞና ኮርቶ፤ «ባለ መቶ ዘጠና ስምንት ክንድ...»

እዚያ ላይ አበቃ። የሸለቆው ግድግዳ ብቻ ቁጥሩን አራት ጊዜ መለሰው።

ዘውሪትን ከጉድጓዱ አፍ ስበው አወጧት። እትዬ ማርሲት ዘሩን በራሳቸው ነጠላ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ያዙት፤ ሲሞቀው ቀስ ብሎ ማዜም ጀመረ። ዜማውን ይዘው ሸለቆውን ተመለሱ። ዱምባል ከወሰኑ ድንጋይ አጠገብ፣ መንገዱ ላይ ተጋድሞ ተኝቷል። በስድስት ክንድ ርቀት አለፉት። ከድንጋዩ ሥር የአዋጅ ነጋሪው ኮፍያ ወድቆ ነበር። ባልጎር እስከ ወሰኑ ድንጋይ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

በሃያ ዘጠነኛው ቀን ከሹዋ ዳርቻ ደረሱ፤ በዚያው ቀን በቀትር ዘሩ ደሴቲቱ ላይ ሲቀመጥ ፋናው በራ። ብርሃኑ ሁለቱንም ከተሞች እኩል መታቸው። ሕዝቡ ከሁለቱም ዳርቻ በጀልባ እየተሻገረ ደሴቲቱን ሞላ። መልእክተኛው ካርታውን ዘርግቶ ብዕሩን ነክሮ ጠየቀ፤ «በማን ስም?»

ዘውሪት በሁለቱ ገዥዎች መካከል ቆማ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ምንም አላሳመረችም፤ ምንም አላጎደለችም። የክብር ክንድ የሚለው ጋ ስትደርስ ከኬልማ በኩል ሳቅ ተነሣ። ኦርሳይ ወደ እነርሱ ዞሮ አየ፤ ሳቁ በረደ።

«ጉድጓዱ ስንት ነበር?» አለ መልእክተኛው።

«አንድ መቶ ሠላሳ ዘጠኝ ክንድ ከስንዝር። መጽሐፋችሁ ስንዝር ጨምሯል።»

መልእክተኛው ብዕሩን አስቀመጠ። የነገሥታቱን መጽሐፍ ያረመ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረም።

እመቤት ሳርኖ ከመቀመጫዋ ተነሣች። የኬልማ ገዥ አፉን ሊከፍት ሲል እጇን አነሣች። «ከማዶ ማንም ሳይናገረው እኔ እናገረዋለሁ» አለች። «የዘንቦራ ግንብ አንድ መቶ ዘጠና ስምንት ክንድ ነው። አዋጅ ነጋሪያችን ይህን ቁጥር ጠርቶ ሞቷል፤ ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ከከተማችን ማዕረጎች ሁሉ የሚቀድመው እርሱ ነው። የሚያፍርበት ካለ ይውጣ።»

ከዘንቦራ ወገን ማንም አልተነቃነቀም። አንዳንዶቹ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

«ጌታዬ» አለ ኦርሳይ ወደ ገዥው ዞሮ፣ በትሕትና፤ «የዶሮ ቤቶቹንስ?»

የኬልማ ገዥ ጉሮሮውን ጠረገ። ቀጥሎም፣ ጢሙን እየነካ፣ የዶሮ ቤቶቹን ቁጥር ተናገረ። ሦስት ሺህ አንድ መቶ ነበሩ።

በካርታው ላይ ሁለት ስሞች ተጻፉ፤ አንዱ ከፋናው በስተ ቀኝ፣ አንዱ በስተ ግራ። ቦታው ስላልበቃ መልእክተኛው ፊደሉን አጠበበው።

ከዚያ ሳርኖ ዘውሪትን አስጠራች። «መሐላሽን አፍርሰሻል።»

«አዎ፣ እመቤቴ።»

«ባታፈርሺው ኖሮ ዛሬ እዚህ አንቆምም ነበር። ሕጉ ግን ይህን አይጠይቅም።» ዘንጉን ተቀብላ በጉልበቷ ሰበረችው። ዘውሪት ዓይኗን አልጨፈነችም። ድምፁ እንደ ደረቅ ቅርንጫፍ ነበር።

መልእክተኛው ይህን ሁሉ ቆሞ አየ። በየወደቡ ክንዱ ይለያያል፤ በአንዱ በጣት ይረዝማል፣ በሌላው በጣት ያጥራል፤ ነጋዴዎችም በየቀኑ ይጣላሉ። ወደ ዘውሪት ቀርቦ ቀኝ እጅጌዋን እንድትሰበስብ በእጁ ጠቆማት። ከክርኗ እስከ መሃል ጣቷ ጫፍ ድረስ የነሐስ ዘንግ አስጠግቶ በቢላዋ ምልክት አደረገ። «ከገዛ ግንቧ ላይ አሥራ ስምንት ክንድ በጠላቷ ፊት የቀነሰች ከተማ የምትሰጠኝን ክንድ» አለ «የሰባቱ ባሕሮች ነገሥታት ያምኑታል።» በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ መቶ አርባ ወደቦች በዚያ ዘንግ ይለኩ ጀመር። ስሙ የዘንቦራ ክንድ ነው።

ዘውሪት በሚቀጥለው ዓመት ከኦርሳይና ከእትዬ ማርሲት ጋር ወደ ጋሮም ሸለቆ ተመልሳ፣ ከወሰኑ ድንጋይ አጠገብ፣ የዘንቦራና የኬልማ ግንበኞች በባልጎር ቁመት ልክ የጠረቡትን ሌላ ድንጋይ አቆመች። በአዋጅ ነጋሪዎች መዝገብ የባልጎር ቁመት አራት ክንድ ከስንዝር ተብሎ ተጽፎ ነበር። ድንጋዩን በባዶ ክንዷ ለካችው፤ ከኬልማ የመጣው ለኪም ከእርሷ በኋላ ለካው። ሦስት ክንድ ከስንዝር ነው።